ሲሚንቶውን እንፈነቅላለን

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ያየነው ባለ ሰገነት የድሮ የጭቃ ቤት እንቅልፍ ነስቶኛል። ግድግዳው በሲሚንቶ ከተለሰነ ገና ሁለት ክረምት ነው፤ በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ግን እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ከሥሩ ጭቃው ረጥቧል፣ ማገሩን ምስጥ በልቶታል። የቤቱን ባለቤት እማማን አልወቅሳቸውም፤ “ይጠነክራል” ተብለው ነው ያስለሰኑት። ጭቃና እንጨት እርጥበት ስበው መልሰው ይተነፍሳሉ፤ ሲሚንቶ ሲደፈንባቸው ግን ይበሰብሳሉ። በጅማ ዝናብ ደግሞ ጊዜ አይፈጅም።

ስለዚህ ሲሚንቶውን ቀስ ብለን እንፈነቅላለን፤ የበሰበሰውን ማገር ብቻ እንለውጣለን። ሙሉ ግድግዳ ማፍረስ የሚለው ሐሳብ ይቅር! ምርጊቱ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ፣ የላይኛው ልባስ ኖራ ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን አሸንዳው ይጠገን። ጣሪያ እያፈሰሰ ግድግዳ መምረግ ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው።

አንዳንዶቻችሁ “ቅርስ ማለት ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው” ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ነገር ግን እንደዚህ ያሉት የድሮ ነጋዴዎች ቤቶችና በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠሩት የመሃል ከተማ ሕንጻዎች ከጠፉ ጅማን በምን እንለያታለን?

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቤቱ ደጃፍ እንገናኝ። መዶሻና መሮ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የበርና የመስኮት ማጠፊያ ማንም እንዳይጥል፤ ባለፈው ለቆራሌው የተሸጠው እስካሁን ያንገበግበኛል።