አባባን ለሸኛችሁልን ሁሉ

የአባባ አርባ ወጣ። እኛም ትንሽ ተረጋግተን ለማመስገን በቃን።

ድንኳን የተከላችሁ፣ ንፍሮ የቀቀላችሁ፣ ሌሊቱን አብራችሁን ያደራችሁ የዕድራችን ሰዎች፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። ሜዳልያችሁን ደርድራችሁ፣ በከዘራ እየተደገፋችሁ ቀብር ድረስ የመጣችሁ የኮሪያ ዘማች አባቶቻችን፣ ዕድሜውን ያርዝምልን።

አንዱ ምስጋና ግን ለየት ይላል። አባባ ስለ ኮሪያው ውጊያ ሲጠየቁ ዝም ነው። ወደዚያ ስለወሰደቻቸው መርከብ ከጀመሩ ግን ማን ያስቆማቸዋል! "ማክሬ" ነበር የሚሏት። እኛ ልጆቻቸው እየሰማን እናልፈው ነበር። አንተ አሜሪካ ያለኸው የአክስታችን ልጅ ግን ለለቅሶው ስትመጣ ታሪኳን ይዘህ ከች አልክ።

ለካ ሙሉ ስሟ ጄኔራል ጄ. ኤች. ማክሬ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ሪችመንድ ውስጥ ተሠራች። ርዝመቷ 159 ሜትር ገደማ፣ የምትጭነው ከ3,000 በላይ ሰው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ወታደር ስታመላልስ ነበር። በዚያ ዘመን ሪችመንድ ላይ ብረት ይበይዱ ከነበሩት መሐል ብዙ ሴቶች ነበሩ። ምስጋናው ለእነሱም ይድረስልን።

ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ዓ.ም. (በ1951 እ.ኤ.አ.) ወደ ኮሪያ የዘመተውን የኢትዮጵያ ጦር፣ የመጀመሪያውን ቃኘው ሻለቃ፣ ከጅቡቲ ጭና ወደ ኮሪያ ወደብ ፑሳን ተነሳች። ከክብር ዘበኛ የተውጣጡ፣ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ልጆች። አዛዣቸው ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ። እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ውኃ ብቻ። አባባ እንደሚሉት ብዙዎቹ ባህር የሚባል ነገር ያዩት ያን ቀን ነው። ሆዳቸው እየተገለበጠ ምግብ አልረጋ ያላቸውን ጓደኞቻቸውን ስም እየጠሩ ይስቁ ነበር።

"ፋሲካን ባህር ላይ ፈሰክን" ሲሉ ቀልድ ይመስለን ነበር። ለቅሶው ላይ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አንድ ቄስ ቁጭ ብለው አሰሉልን። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 21 ነው! ሑዳዴን አዲስ አበባ ጀምረው መርከብ ላይ ፈቷታል ማለት ነው። አባ፣ እርስዎንም እናመሰግናለን። በዚያ ሁሉ ኀዘን መሐል አስቀውናል።

አባታችሁ ወይም አያታችሁ በዚያች መርከብ የሄዱ ካላችሁ፣ የአክስታችን ልጅ ያመጣውን የመርከቧን ታሪክ ወረቀት ኮፒ አድርገናል። ቤት ጎራ በሉና ውሰዱ፤ ቡናም አይጠፋም።

ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው