በማፍጠሪያ ሰዓት ለቆማችሁልኝ ሁሉ

ይህን የምጽፈው ዱባይ ዴይራ ውስጥ፣ በረመዳን፣ ለመግሪብ አዛን ደቂቃዎች ሲቀሩ ለእኔ ብለው ከማዕዳቸው ለተነሱ ሰዎች ነው። አብዛኞቹ አማርኛ አያነቡም። አንቺ ግን ታነቢያለሽ። ስምሽን አልጽፍም። በሰው ቤት የምትሠሪ ነሽ፤ ሳትፈቅጂልኝ አደባባይ አላወጣሽም። ስታነቢው ግን ራስሽን ታውቂያለሽ።

ጊዜው መጋቢት 2016 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ነው የገቡት፣ መጋቢት 2፣ ሰኞ። እኔ ለአጭር ሥልጠና ወደ ማሌዥያ እየሄድኩ ነበር፣ ብቻዬን። ዱባይ ላይ ረጅም ቆይታ ስለነበረኝ የትራንዚት ቪዛ ወስጄ ከአየር ማረፊያው ወጣሁ። በሜትሮ እስከ ዩኒየን ጣቢያ፣ ከዚያ በአረንጓዴው መስመር ወደ ክሪኩ። ክሪክ የሚሉት ከተማዋን ዴይራና ቡር ዱባይ ብሎ ለሁለት የሚከፍለውን የባሕር ውሃ ነው።

በረመዳን ዴይራ ቀን ቀን ቀዝቀዝ ትላለች። ሥራ ቶሎ ይወጣል፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። በቀን ሰው ፊት ውሃ አለመጠጣት የአገሩ ክብር ነው። እኔም ጾመኛ ስለነበርኩ አልከበደኝም። ወደ ማታ ግን ሁሉም ነገር ይለወጣል። ቅመም ገበያው ውስጥ ቴምር በየዓይነቱ ተከምሮ ሰው ይሻማል። ሳምቡሳ የሚጠብሱት ደጃፍ ላይ ሰልፉ መንገዱን ይዘጋዋል። ይህን ሁሉ እያየሁ በአብራ፣ በ1 ድርሃም በምታሻግረው የእንጨት ጀልባ፣ ወደ ቡር ዱባይ ሄጄ ተመለስኩ። ከጀልባዋ ስወርድ ነው ጎኔን የወጋኝ።

የኩላሊት ጠጠር ያመመው ሰው ይረዳኛል። መቆምም መቀመጥም አይቻልም። የብረት አጥሩን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ላብ አጠመቀኝ፣ አስመለሰኝ። በማላውቀው አገር፣ ማንም የሚያውቀኝ ሰው በሌለበት፣ የምሞት መሰለኝ።

ከጎኔ የጀልባ ሠራተኞችና ተሸካሚዎች መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ቴምር፣ የተቆረጠ ሐብሐብ፣ ሽንብራ፣ ሮዝ ቀለም ያለው መጠጥ በትልቅ ባልዲ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ፀሐይ ሲሸከሙ የዋሉ ሰዎች ናቸው። አዛኑን እየጠበቁ ነው። እኔን ሲያዩ ግን ተነሱ። አንዱ የተቀመጠበትን ጨርቅ አንጥፎ አስተኛኝ። አንዱ በካርቶን ያራግብልኛል። ሌላው ታክሲ ሊያስቆም አስፋልቱ መሐል ገባ። በእጃቸው አልነኩኝም፤ ሴት ነኝና በክብር ነው የያዙኝ። እየተጨነቁ ዙሪያውን ሲያዩ ሴት ሰው እየፈለጉ መሆኑ ገባኝ። አገራችሁ ፓኪስታን ይሁን ባንግላዴሽ እንኳን አልጠየቅኋችሁም። እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ይባርክላችሁ።

ያን ጊዜ ነው አንቺ የመጣሽው። ከጓደኛሽ ጋር ከገበያ ስትመለሺ ነበር። ገና ፊቴን እንዳየሽ «ሐበሻ ነሽ?» አልሽኝ። አማርኛ ስሰማ የያዝኩት እንባ ሁሉ ዱብ ዱብ አለ። «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ፣ አለሁልሽ» እያልሽ ጭንቅላቴን ጭንሽ ላይ አደረግሽ። አነጋገርሽ የወሎ ልጅ መሆንሽን ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ብቻዬን አልነበርኩም።

በዚያ ሰዓት ዱባይ ውስጥ ታክሲ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ሁሉም ወደ ማዕዱ ይሮጣል። ሾፌሮቹም ለማፍጠር መኪናቸውን ወደ መስጊዶቹ አካባቢ ያስጠጋሉ። ብዙ ታክሲ አለፈን። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ግን ቆሙ። ቴምራቸውና የውሃ ጠርሙሳቸው ከመሪው አጠገብ ተዘጋጅቶ ነበር። ለእርስዎ ነው አባቴ ይህን የምለው። መንገድ ላይ ሳለን አዛን አለ። ቆመው ማፍጠር ይችሉ ነበር፤ ማንም አይፈርድብዎትም። እርስዎ ግን «ቢስሚላህ» ብለው አንዲት ቴምር አፍዎ ውስጥ ጣል አደረጉና መንዳትዎን ቀጠሉ። መብራት ላይ ወጣቶች የኢፍጣር ካርቶን ያድሉ ነበር። ሾፌር ለማፍጠር ብሎ እየበረረ አደጋ እንዳይደርስበት በየመስቀለኛው መንገድ የሚያድሉት ነው። የደረሰዎትን ካርቶን ሳይከፍቱ ወደ ኋላ፣ ለዚህች ልጅ ሰጡ። «አንቺም ጾመኛ ነሽ፣ ብዪ» ብለው። ሆስፒታሉ በር ላይ ሒሳብ አልቀበልም አሉን። ዱዓ አድርጉልኝ ብቻ አሉ። በእኔ ሃይማኖት በየቀኑ አደርግልዎታለሁ። ሰግደው ተመልሰው ደግሞ «እንዴት ሆነች?» ብለው ጠየቁ። አባቴ በሕይወት ቢኖር ከዚህ የበለጠ አያደርግልኝም።

ሆስፒታል ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ያሉትም እያፈጠሩ ነበር፣ በፈረቃ። የተቀበለችኝ ፊሊፒናዊት ነርስ «አንተ ብላ፣ እኔ እይዛታለሁ» ብላ ጾመኛውን ባልደረባዋን ወደ ምግቡ ስትልከው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷ ክርስቲያን ናት። ጓደኞቿ በሰዓቱ እንዲያፈጥሩ የእነሱንም ሥራ ደርባ ትሠራለች። ሐኪሙ መርፌና ጉሉኮስ አዘዘልኝ። ምርመራው ሲመጣ ጠጠሩ ትንሽ ነው፣ በራሱ ይወጣል ተባለ። በበረራና በጾም ላይ ውሃ ማነሱ ሳያባብሰው አልቀረም አለኝ። ሌላውን ነገር ባጭሩ ልለፈው፤ ሕመሙ ሲለቀኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ አሁንም ከአጠገቤ ነበርሽ። ካርቶኑ ተከፍቶ ቴምሩን፣ ውሃውንና ብርቱካኑን ለእኔ ለይተሽ አስቀምጠሻል። ዶሮውንና እርጎውን ወደ ራስሽ አድርገሻል። ማንም ሳይነግርሽ። «ሁዳዴ አይደል እንዴ፣ ምን ይጠፋኛል፤ ጎረቤቶቻችን እኮ ክርስቲያኖች ናቸው» አልሽኝ። ወሎን ለሚያውቅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሰው አገር፣ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ፣ ቀኑን ሙሉ ጾመሽ ከዋልሽ በኋላ ግን የእኔን ጾም ማስታወስሽ ልቤን ነካው። ጓደኛሽ ደግሞ ሐበሾቹ ከሚበዙበት ከፍሪጅ ሙራር ሰፈር የጾም በያይነቱ አስጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። ሽሮው ገና ትኩስ ነበር።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ስለ ዓረብ አገር እህቶቻችን ስናወራ ወይ እናዝናለን ወይ እናማለን። እኔም ብዙ ጊዜ የሰማሁት ይህንኑ ነው። በረመዳን የቤት ሠራተኛ ሥራ እጥፍ ነው። ማታ ለኢፍጣር ይበሰላል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ሌሊት ለሱሑር ይነሳል፣ ዕቃ ሲታጠብ ይነጋል። ያን ቀን ዕረፍትሽ ነበር። ለመተኛት፣ ለቤተሰብ ለመደወል፣ ለራስሽ ጫማ ለመግዛት ያገኘሻት ጊዜ ናት። እሷን ነው ለእኔ የሰጠሽኝ። ሊመሽብሽ ሲል ለማዳምሽ ስትደውዪ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ሕመምተኛዋን ብቻዋን ጥለሽ እንዳትመጪ፣ ሲያልቅ ሾፌር እልካለሁ አለች። ለእሷም ምስጋናዬን አድርሺልኝ። የሚገባትን ሳልናገር መቅረት አልፈልግም።

ጠዋት ለጉዞ የሚፈቅድ ወረቀት ጽፈውልኝ፣ በሚቀጥለው በረራ ማሌዥያ ገባሁ። ሥልጠናውን ጨረስኩ። ጠጠሩም ወጥቷል። ብቻችሁን ለምትጓዙ ሁሉ፣ በተለይ በጾም ወራት በዚያ በኩል ለምታልፉ፣ ጾማችሁን ከፈታችሁ በኋላ ውሃ ደጋግማችሁ ጠጡ። የአምቡላንስ ቁጥሩም 998 ነው፣ ስልካችሁ ላይ ያዙት።

የመድኃኒቱን ገንዘብ ከቦርሳሽ አውጥተሽ ነበር የከፈልሽው። ካገገምኩ በኋላ ልመልስልሽ ስደውል አልቀበልም አልሽ። «እዚያው አገር ቤት ላጣ ሰው አስፈጥሪበት» አልሽኝ። ከዒድ በፊት አዲስ አበባ እንደገባሁ መርካቶ ሄድኩና አንዋር መስጊድ አካባቢ ለኢፍጣር ምግብ ለሚያዘጋጁ እናቶች ሰጠሁት። ከየት እንደመጣ ነገርኳቸው። ቆመው መረቁሽ። «አላህ በሰላም ለአገሯ ያብቃት፣ የእናቷን ዓይን ያሳያት» አሉ። እኔም አሜን አልኩ።

ጓደኛሽን ሳሚልኝ። ወደዚያ ጀልባ መሻገሪያ ከሄድሽ ያን ጨርቅ ያነጠፈልኝን ሰው ፈልጊውና ድኛለሁ በይልኝ። አንቺ ደግሞ ኮንትራትሽን ጨርሰሽ ስትመጪ መጀመሪያ እኔ ቤት ነው የምታርፊው። ረመዳን ላይ ከሆነ እኔ ነኝ የማስፈጥርሽ፤ ሹርባውንም ሳምቡሳውንም ጎረቤቴ ታሳየኛለች፣ ከአሁኑ ነግሬያታለሁ።