ይድረስ ለልጄ ለሀዊ

ሀዊዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ጅማ ክረምቱ ገብቶ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። አባትሽም ጉንፋኑ ለቆታል። ቡናሽን አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ሰጥቼልሻለሁ።

ሴሚናር ስለምታቀርቢበት አዛሲቲዲን ስለሚባለው የካንሰር መርፌ ስናወራ «እማ፣ ካንሰሩን ወዲያው ካልገደለው ምኑን መድኃኒት ሆነ?» ያልሽኝ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በስልክ እንዳልመልስልሽ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እኔ እንዳንቺ ፋርማሲ አልተማርኩም። ዕድሜዬን የጨረስኩት መርፌ ስወጋና በሽተኛ ሳስታምም ነው። ስለዚህ የምነግርሽ ወደ አልጋው ያደላል።

በሰውነታችን ያለው ሴል ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ነው የያዘው። ጉበቱ ጉበት፣ ቆዳው ቆዳ የሆነው የሚሠሩትና የሚዘጉት ጂኖች ስለሚለያዩ ነው። ከመዝጊያዎቹ አንዱ ሜቲሌሽን ነው። አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላት ሚጢጢ ነገር ሳይቶሲን የሚባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ትለጠፋለች። የጂኑ መነሻ ላይ ብዙ ሲለጠፍ ጂኑ ሥራ ያቆማል። ካንሰርም ይጠቀምበታል። ሴል ያለ ልክ እንዳይራባ የሚይዙትን ጂኖች ይዘጋቸዋል። እዚህ መርካቶ አንድ ሱቅ ቢቃጠል ዕቃው አለቀ። በሩ ተቆልፎ ከሆነ ግን ዕቃው ውስጥ አለ። ጂን የሚያበላሽ ሚውቴሽን ቃጠሎው ነው፣ ሜቲሌሽን ቁልፉ። የተቆለፈ ደግሞ ይከፈታል። ተመራማሪዎቹን ያጓጓቸው ይሄ ነው።

አዛሲቲዲን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ፕራግ ውስጥ ሲሠራ የታሰበው እንደ ማንኛውም ኬሞ ሴል እንዲገድል ነበር። በ1980 ፒተር ጆንስና ሸርሊ ቴይለር የሚባሉ ተመራማሪዎች የአይጥ ፅንስ ሴሎች ላይ ሞከሩት። አንዳንዶቹ ሴሎች ወደ ጡንቻ ተለወጡ። ሜቲሌሽናቸውም ቀንሶ ተገኘ። እኔ ይሄን ሳነብ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አይቼዋለሁ። በጣም ነው የገረመኝ።

አሠራሩን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። መድኃኒቱ ሳይቶሲንን ይመስላል። ሴሉ ለመከፈል ዲኤንኤውን ሲቀዳ ተሳስቶ ያስገባዋል። የሜቲሌሽኑን ምልክት ወደ አዲሱ ቅጂ የሚያሻግረው ዲኤንኤምቲ 1 የሚባለው ኢንዛይም ሥራውን ሊሠራ ሲመጣ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። እናም ሴሉ በተከፈለ ቁጥር ሜቲሌሽኑ እየሳሳ ይሄዳል። ቀስ በቀስ ነው እንጂ በአንዴ አይደለም። ዶዙ ሲበዛ ደግሞ መግደሉ ይበረታል፣ መክፈቱ ይቀንሳል። ለጥያቄሽ መልሱ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል።

አሜሪካ በ2004 የፈቀደችው ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድሮም ለሚባለው የመቅኒ በሽታ ነው። የቅርብ ዘመዱ ዴሲታቢን በ2006 ተከተለ። በ2009 የታተመው ጥናት 358 በሽታቸው የከፋ ሰዎችን ይዞ ነበር። አዛሲቲዲን ያገኙት በመካከለኛ ስሌት 24.5 ወር ኖሩ፤ የተለመደውን ሕክምና ያገኙት 15 ወር። ዘጠኝ ወር ተኩል ለቤተሰብ ቀላል እንዳይመስልሽ።

ግን እዚያ የሚደርሰው የታገሠ ነው። መርፌው ለሰባት ቀን ይሰጣል፣ ከዚያ በ28ኛው ቀን አካባቢ አዲስ ዙር ይጀመራል። ለውጥ ለማየት ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ዙር ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ደግሞ የደም ቁጥሩ ጭራሽ ይወርዳል። ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፣ ደም መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል። በሽተኛው «ባሰብኝ» ይላል። ከአጋሮም ይምጣ ከሊሙ፣ በሬውን ሸጦ የመጣ ሰው ሲብስበት ጨርቁን ጠቅልሎ አገሩ ይገባል። በሌላ ሕክምና ስንቱን አይቻለሁ! ማንም ቀድሞ ስላልነገረው ነው። ይሄ ያናድደኛል።

የመርፌውን መመሪያ ሳነብ ደግሞ ልቤ ወደ ሥራዬ ሄደ። 100 ሚሊግራሙ ነጭ ዱቄት በ4 ሚሊሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ጥርት አይልም፣ ደፍራሳ ነው። ከመውጋትሽ በፊት ሲሪንጁን በሁለት መዳፍሽ መሀል በደንብ ታንከባልይዋለሽ፣ አለበለዚያ ዱቄቱ ይዘቅጣል። ጭን፣ ሆድ፣ ክንድ እያፈራረቁ ነው የሚወጋው፤ የቆሰለ ወይ የጠቆረ ቦታ ላይ አይሆንም። ውሃ ውስጥ ስለሚበላሽም ብዙ አቆይቶ መስጠት የለም። ነርሶቹን አደራ፣ በትሕትና አስረጃቸው። ብዙውን ጊዜ ፋርማሲስት ከላይ ሆኖ ነው የሚያወራን።

ጉድለቱንም አትደብቂ። መድኃኒቱ የፈለግሽውን ጂን ለይቶ አይከፍትም፣ ያገኘውን ነው። ሲቆም ደግሞ ሜቲሌሽኑ ይመለሳል። እንደ ጡትና ሳንባ ባሉ እብጠት በሚሠሩ ካንሰሮች ላይ እስካሁን የደም ካንሰሩን ያህል አልሆነም። ሁሉን መክፈትም ሁልጊዜ ደግ አይደለም። ግሊዮብላስቶማ በሚባለው የአንጎል ካንሰር ኤምጂኤምቲ የተባለው ጠጋኝ ጂን በሜቲሌሽን የተዘጋባቸው ሰዎች ናቸው ቴሞዞሎማይድ በሚባለው ኬሞ የተሻለ የሚጠቀሙት። ጂኑ ሲሠራ ኬሞው ዲኤንኤ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ይጠግንበታላ!

ሴሚናርሽ ላይ ስለ ኢንዛይሙ የፈለግሽውን ያህል አውሪ። ግን ለበሽተኛው በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚባል አንድ ስላይድ ያዢልኝ። «መጀመሪያ ደምህ ይወርዳል፣ ያ ብቻውን መድኃኒቱ እንቢ አለ ማለት አይደለም። ካተኮሰህ ሌሊትም ቢሆን ና። ማቋረጥ ካሰብክ መጀመሪያ እኛን አናግረን» ይባል። በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፊው። ኦሮምኛውን አክስትሽ ታይልሻለች፣ ነግሬያታለሁ።

እናትሽ
ከጅማ