ለደንበኞቻችን፦ የስኬጁለሩ የነጥብ ስሌት ስለመስተካከሉና ከእናንተ ስለሚጠበቀው

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

በኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ሥርዓት) ክላስተራችን ላይ አዲስ ፖድ (ኮንቴይነሮችን የያዘ የአፕሊኬሽናችሁ አንድ ቅጂ) የትኛው ኖድ (ሰርቨር) ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው ስኬጁለር የነጥብ ስሌት ስህተት ነበረበት፤ አስተካክለነዋል። እርማቱ የሚሠራው ግን ከአሁን በኋላ ለሚነሱ ፖዶች ብቻ ነው። ስኬጁለር አንዴ ያስቀመጠውን ፖድ ጭነት ለማመጣጠን ብሎ ከቦታው አያነሳም፤ በስህተቱ ጥቂት ኖዶች ላይ የተከማቹት እንደተከማቹ ናቸው።

ስኬጁለሩ መጀመሪያ ፖዱ የጠየቀውን ሲፒዩና ሜሞሪ መስጠት የማይችሉትን ኖዶች ያስወጣል። ለቀሩት ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፤ ብዙ ቦታ የተረፈው ኖድ የተሻለ ነጥብ ማግኘት አለበት። ይህን ሁለተኛ ክፍል በራሳችን ፕለጊን (ተጨማሪ ኮድ) ተክተነው ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የኩበርኔቲስ አይደለም።

ባለ16 ኮር ኖድ እንውሰድ፤ 16000 ሚሊኮር ማለት ነው። 6000ው ተይዞ 10000 ቀርቷል። 10000ን በመጀመሪያ በ100 አባዝተን ለ16000 ብናካፍል 62 እናገኛለን። የእኛ ኮድ ግን ቀድሞ ያካፍል ነበር። ስሌቱ በሙሉ ቁጥር ስለሆነ ክፍልፋዩ ተቆርጦ 0 ይወጣል፤ 0 በ100 ቢባዛ ያው 0 ነው። 100 የሚያገኘው ፍጹም ባዶ ኖድ ብቻ ነው፤ ሎግ ሰብሳቢው በየኖዱ ስላለ ደግሞ እንዲህ ያለ ኖድ የለንም። ሁሉም 0 ሲያገኙ ምርጫው ለሌሎቹ መመዘኛዎች ተተወ፤ አንደኛው መመዘኛ የፖዱ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት የፕሮግራም ጥቅል) ቀድሞ የወረደበትን ኖድ ያስበልጣል። ሥራው ጥቂት ኖዶች ላይ የተጫነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙከራችን ስህተቱን ያልያዘው ባዶና ሙሉ ኖድ ብቻ ስለፈተነ ነው፤ ባዶው 100፣ ሙሉው 0፣ በተሳሳተውም ቀመር ጭምር። አሁን 62ን የሚጠብቅ ሙከራ ገብቷል።

አቅም የሌላቸውን ኖዶች የሚያስወጣው ማጣሪያ ጤነኛ ስለነበር በሪክዌስት (ለኮንቴይነሩ እንዲያዝለት በምትጽፉት የሲፒዩና የሜሞሪ መጠን) የጠየቃችሁት አልተነካም። የተጎዱት ትንሽ ጠይቀው ብዙ የሚጠቀሙ ፖዶች ናቸው፤ ሲፒዩ ሲጣበብ ይዘገያሉ፣ ሜሞሪ ሲያልቅ ቀድመው ይባረራሉ።

አሁን ትራፊክ በሚቀንስበት ሰዓት ዲፕሎይመንታችሁን (የፖዶቻችሁን ብዛትና አተካክ የሚወስነውን ቅንብር) ሮልአውት ሪስታርት አድርጉ፤ ይህ ፖዶቹን በአዲስ ይተካል። ስትራቴጂውን (አሮጌ ፖድ በአዲስ የሚተካበትን ስልት) ካልቀየራችሁትና ሪፕሊካው (የፖዱ ቅጂ ብዛት) አንድ ከሆነ፣ አዲሱ ፖድ ዝግጁ እስኪሆን አሮጌው ይቆያል። ሬዲነስ ፕሮብ (አፕሊኬሽኑ ለሥራ ዝግጁ መሆኑን የሚፈትሽ ቅንብር) ከሌላችሁ ግን ኮንቴይነሩ እንደተነሳ ዝግጁ ተብሎ ስለሚቆጠር መጀመሪያ እሱን ጨምሩ። አዲሱ ኖድ ኢሜጁን ገና ስለሚያወርድ ትንሽ መዘግየት ቢታይ አትደንግጡ።

በጣም የምትጠነቀቁበት ነገር ሪድ ራይት ዋንስ ዲስክ (በአንድ ጊዜ ከአንድ ኖድ ጋር ብቻ የሚያያዝ ዲስክ) የያዘ ዲፕሎይመንት ነው። አዲሱ ፖድ ሌላ ኖድ ላይ ካረፈ ዲስኩን አሮጌው ይዞበታል፤ አሮጌው ደግሞ የአዲሱን መነሳት ይጠብቃል፤ ሁለቱም ተፋጠው ይቀራሉ። ለእንዲህ ያለው ስትራቴጂውን ወደ ሪክሪየት (አሮጌው መጀመሪያ ቆሞ ከዚያ አዲሱ የሚነሳበት) ቀይሩ፤ አጭር መቋረጥ ይኖራል።

ሪክዌስት ያልተጻፈለትን ኮንቴይነር ነጥብ ስንሰጥ 100 ሚሊኮርና 200 ሜጋባይት እንደጠየቀ ነው የምንቆጥረው። 2 ጊጋባይት የሚበላ የጃቫ አፕሊኬሽን በዚህ ግምት ከገባ የተስተካከለው ቀመርም አያድነውም፤ እውነተኛ ፍጆታውን ጻፉለት።

በመዘግየቱ ምክንያት ኮር የጨመራችሁ ካላችሁ፣ ከሪስታርቱ በኋላ ወደ ቀድሞው መጠን መልሱና አሳውቁን፤ ልዩነቱን ከሚቀጥለው ሂሳባችሁ እንቀንሳለን።

ከሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ክፍል