ለሁለት ራት ብላችሁ ሰው ቱክሲዶ አታስገዙ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ ስለ ክሩዝ፣ ማለትም በትልልቅ መርከቦች ስለሚደረግ የሽርሽር ጉዞ፣ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ባጠቃላይ ደህና ነው። ስለ "ፎርማል ናይት"፣ ተሳፋሪው ዘንጦ ራት ስለሚበላበት ምሽት፣ የተጻፈው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ወንድ ከሆናችሁ ቱክሲዶ (በፓፒዮን የሚለበሰው ጥቁር የክት ሱፍ)፣ ሴት ከሆናችሁ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ "ግዴታ ነው"፣ ያለዚያ ከምግብ አዳራሹ ደጃፍ ትመለሳላችሁ ነው የሚለው። ይህን ያነበበ ሰው ወይ ጉዞውን ይሰርዛል፣ ወይ አንዴ ለብሶ ቁምሳጥን ውስጥ ለሚረሳው ልብስ ገንዘቡን ይበትናል። ሁለቱም ምን በወጣው!

ዋናው ችግር "ክሩዝ" ብላችሁ ሁሉንም መርከብ በአንድ ዓይን ማየታችሁ ነው። ድርጅቶቹ በአለባበስ ጉዳይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ኩናርድን እንውሰድ። ኩዊን ሜሪ 2 በተባለው መርከቡ ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ተነስቶ ኒውዮርክ ለመድረስ ሰባት ሌሊት ይፈጃል፤ በዚያ ጉዞ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት "ጋላ" የሚባሉ ምሽቶች አሉ። በእነዚያ ቀናት ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ወንዱ ጥቁር ልብስ ከነፓፒዮኑ፣ ሴቷም የክቷን ለብሳ ትወጣለች። ሰዉም ፏ ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ ያንን መርከብ የሚመርጡት ለመዘነጥ ሲሉ ነው። ኖርዌጂያን የተባለው ድርጅት ደግሞ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ "ፍሪስታይል" ብሎ መዘነጡን ለተሳፋሪው ምርጫ ትቶታል። ቫይኪንግ ፎርማል ናይት የሚባል ነገር የለውም። ሴሌብሪቲ ድሮ ነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ግን "ኢቭኒንግ ሺክ" በሚል ለዘብ ባለ ነገር ተካው። ካርኒቫል "ኤለጋንት" ይለዋል፤ በአጭር ጉዞ አንድ ምሽት፣ ስድስት ቀንና ከዚያ በላይ ሲሆን ሁለት። ቨርጂንማ ጭራሽ ከረባቱን ሁሉ ትቶ፣ ተሳፋሪው ቀይ በቀይ ሆኖ የሚጨፍርበት አንድ ምሽት ነው ያለው። የእናንተን ምክር ሰምቶ ጥቁር ቱክሲዶውን አንጠልጥሎ እዚያ የገባ ሰው ምን ሊሆን ነው?

ስለዚህ "ምን ልልበስ?" ከማለት በፊት "በየትኛው መርከብ ነው የምሄደው?" ማለት ይቀድማል። ቲኬት የቆረጠ ሰው የድርጅቱን የአለባበስ ደንብ ገልብጦ ቢያይ በአምስት ደቂቃ ይገላገላል። ከዘመድ ወይም ከጓደኛ መጠየቅ ግን ብዙም አያዋጣም፤ ዘመድ የሚነግራችሁ እሱ በሄደበት መርከብና ዘመን የነበረውን ነው።

ደግሞ ጥብቅ በሚባሉት መርከቦች ላይ እንኳ ደንቡ እናንተ እንዳከበዳችሁት አይከብድም። ኩናርድ ራሱ በጋላ ምሽት ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ ከተራ ከረባት ጋር ይቀበላል። ከዚያም አልፎ ለክብር የሚለበስ የየአገሩ ባህላዊ ልብስም በደንቡ ውስጥ አለ። ስኮትላንዳዊው ኪልት የሚባለውን የወንድ ጉርዱን አጥልቆ ይገባል፣ ህንዳዊቷ ሳሪዋን ለብሳ ትመጣለች፣ ማንም ምንም አይላቸውም። እንዲያውም አዳራሹ ውስጥ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው እነሱን ነው። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ልብስ ያለው ሰው ሌላ ምን ይገዛል? የሴት ቀሚስም ቢሆን ርዝመቱን ሜትር ይዞ የሚለካ የለም። ጉልበት ላይ የሚያርፍ ሽክ ያለ ጥቁር ቀሚስ ይበቃል። ከሱሪ ጋር የሚለበስ ጥሩ ሸሚዝም ይሆናል። ለልጆች ንጹሕ ሸሚዝና ሱሪ ካለ አለቀ።

"ሁለት ምሽት ከሆነ ሁለት ቀሚስ" የምትለዋ ምክራችሁም አልተዋጠችልኝም። ለምን? የመርከቡ ፎቶ አንሺዎች በእነዚያ ምሽቶች ደረጃው ሥር ካሜራቸውን ደግነው ይቆማሉ፣ ልክ ነው። አንድ ቀሚስ ሁለት ጊዜ ፎቶ ላይ ይወጣል ብሎ የሚጨነቅ ሰውም አይጠፋም። ግን በሺህ የሚቆጠር ተሳፋሪ መሃል የእናንተን ቀሚስ ከቀናት በፊት አይቶ የሚያስታውስ ማን ነው? አንድ ጥቁር ቀሚስ፣ ሁለት ሻርፕ፣ ሁለት ዓይነት የጆሮ ጌጥ። ወንዱም አንድ ሱፍና ሁለት ከረባት ይዞ ይሂድ። አውሮፕላን ላይ ያለው የሻንጣ ልክ ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ ነው፤ ቱክሲዶ ከነጫማውና ከነሽፋኑ ሲገባበት ለሌላው ነገር የሚተርፈው ቦታ ይቀንሳል።

ቱክሲዶ ካነሳን አይቀር አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የቱክሲዶ ሸሚዝ ብዙ ጊዜ የተሰፋ አዝራር የለውም። ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ አዝራሮቹ ለብቻቸው በትንሽ ሳጥን ይመጣሉ፣ እጅጌውም እንደዚያው። አንድ ሰውዬ ሳጥኑን ቤቱ ረስቶት መጣ። ሚስቱ ሸሚዙን ከውስጥ በኩል በመርፌ ቁልፍ ያዘችለት። ከላይ ፓፒዮን፣ ከታች ኮት፣ መሃሉ በመርፌ ቁልፍ! ራቱን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በላ። ሾርባ ለመጠጣት እንኳ ጎንበስ ማለት ፈርቶ ነበር። ያ ሰው ቤቱ ያለውን ሱፍ ለብሶ ቢመጣ ኖሮ ምን ነበረበት?

እናንተ ያልነካችሁት ዋና ነገር ደግሞ ካውያ ነው። እሳት ስለሚፈራ ካውያ ይዞ መርከብ ላይ መውጣት በአብዛኛው ክልክል ነው። ስትሳፈሩ ሻንጣው ይፈተሻል፤ ካውያ ከተገኘ ይወሰድና ጉዞው ሲያልቅ ይመለስላችኋል። ኩናርድና ፕሪንሰስ ተሳፋሪው ራሱ የሚያጥብበትና የሚተኩስበት ክፍል አላቸው። ሮያል ካሪቢያን ግን የለውም፤ ለመተኮስ ልብሱን ለሠራተኛ ሰጥቶ መክፈል ነው። ስለዚህ ልብሱ ምን ያህል ያምራል ከማለት ይልቅ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ሲወጣ ምን ይመስላል ብሎ ማሰብ ይበጃል። ከመጫናችሁ በፊት ጨርቁን በመዳፋችሁ ጨብጡት። ለቀቅ ስታደርጉት እንደተኮማተረ ከቀረ ቤት ይቅር። ትንሽ ብቻ የተጨማደደ ከሆነ ካቢኑ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስቀሉት፣ ሙቅ ውሃ ከፍታችሁ በሩን ዝጉ፤ እንፋሎቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደህና አድርጎ ያፍታታዋል።

ጫማም አለ። ፎርማል ናይት ብዙ ጊዜ የሚውለው መርከቡ ወደብ ሳይነካ ባሕር ላይ በሚውልበት ቀን ነው። ያ ማለት መርከቡ እየሄደ ነው፣ ሊወዛወዝም ይችላል። እርሳስ የመሰለ ቀጭን ታኮ አድርጎ በዚያ ደረጃ መውረድ ራስን መበደል ነው። ወፈር ያለና አጠር ያለ ታኮ ይሻላል። አዳራሹም በኤሲ ይቀዘቅዛል፤ ጀርባው የተከፈተ ቀሚስ የለበሰች ሁሉ ገና የመጀመሪያው ምግብ ሳይነሳ የባሏን ኮት ደርባ ታገኟታላችሁ።

ሌላም የሚታረም አለ። ጽሑፋችሁ መዘነጥ ያለባችሁ "ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ" ነው ይላል። የመጀመሪያው ምሽት በአብዛኛው ፎርማል አይደለም፤ ምክንያቱም ስትሳፈሩ ያስረከባችሁት ሻንጣ ካቢናችሁ እስኪደርስ ሊመሽ ይችላል። ሰው የክት ልብሱ ኮሪደር ላይ ቆሞ እያለ ምን ለብሶ ይውጣ?

ይህን ሁሉ ስል ፎርማል ናይት ይቅር እያልኩ አይደለም። እኔ እወደዋለሁ። ታሪኩም ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ የጀመረው ኖርማንዲ የተባለው የፈረንሳይ መርከብ 93 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 700 ሰው የሚያስተናግድ የምግብ አዳራሽ ነበረው። ወደ ውስጥ የሚገባው በደረጃ ተወርዶ ስለነበር ለብሶ መውረዱ ራሱ ትርኢት ነበር። ታዲያ ያ አዳራሽ የአንደኛ ማዕረግ ነበር፤ በሦስተኛ ማዕረግ የሚጓዘው ሰው ደጃፉንም አያየው። ዛሬ በብዙ መርከቦች ላይ ትንሿን መስኮት አልባ ካቢን የያዘውም ሰው ከረባቱን አስሮ እንዲህ ባለው ደረጃ ይወርዳል። እኔ ይሄ ያስደስተኛል።

በዚያው ልክ ደንቡን እያወቁ በቁምጣና በነጠላ ጫማ መጥተው በር ላይ አስተናጋጅ የሚያመናጭቁትንም አልደግፍም። "ከፍዬ ነው የመጣሁት" ይላሉ። ሌላውስ በነጻ ነው የመጣው? አስተናጋጁ ደንቡን አላወጣው፣ ምን ያድርግ? መዘነጥ የማይፈልግ ሰው ቡፌው ክፍት ነው፤ ኩዊን ሜሪ 2 ላይ እንኳ ኪንግስ ኮርት ወደሚባለው ቡፌ ሄዶ ዘና ብሎ መብላት ይችላል። ማንም ጦሙን አያድርም። የዘነጡትም ቢሆኑ በቱክሲዶ ፋንታ ተራ ሱፍ ለብሶ የመጣውን ሰው ከላይ እስከ ታች መገላመጡን ቢተዉት ጥሩ ነው። ያ ሰው ደንቡን አላፈረሰም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ዓምዳችሁ ድርጅቶቹን በየስማቸው ለይታችሁ ጻፉ። ቱክሲዶ ካልለበስኩ ሞቼ እገኛለሁ ለሚለውም በኪራይ የሚያቀርቡ ድርጅቶች መኖራቸውን ንገሩት። ለአሁኑ ግን "ግዴታ ነው" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ቶሎ አርሙልን፤ ቲኬት ቆርጠው ልብስ ፍለጋ ሊወጡ የተነሱ ሰዎች እያነበቧት ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ