ስማቸው አብሮ ይጻፍ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጻጻፍን ብዙ ዓመት ሆኖናል፤ በመካከሉ ልጆቻችን አድገዋል፣ ወላጆቻችንን ቀብረናል፣ አንቺንም አሜሪካ ከገባሽ ወዲህ ሥራው አላላውስ እንዳለሽ ከእህትሽ እሰማለሁ። የሆድ የሆዳችንን ሌላ ጊዜ እናወጋለን። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት የሰፈራችን ሰው ሁሉ አባባና እማማ ስለሚላቸው ስለ ሽማግሌዎቹ ባልና ሚስት ልጽፍልሽ ነው፤ ያንቺም ቃል የሚያስፈልግበት ጉዳይ መጥቷል።

አባባ እዚህ እስራኤል ያለውን የእኛን የኢትዮጵያ አይሁዳውያንን ጸሎት ቤት ቁልፍ ሊያስረክቡ ነው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ጉልበታቸውም ደረጃ መውጣትና መውረድ እንቢ ብሏቸዋል። ኮሚቴው ለአገልግሎታቸው ምስጋና የሚሆን የእብነ በረድ ጽሑፍ አስቀርጾ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ለማኖር ወስኗል። ረቂቁን አሳይተውኝ አነበብሁት። በዕብራይስጥና በአማርኛ ተጽፏል፤ ጋባይ፣ ማለት የጸሎት ቤቱ አስተዳዳሪ፣ ሆነው ያለ ደመወዝ ስላገለገሉበት ዘመን ያመሰግንና የአባባን ስም ጽፎ ያበቃል። እማማ የሉበትም። ክፉ ታስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጋባይ የሚባለው አንድ ሰው ነው፣ ቁልፉም የሚያዘው በአንድ ሰው እጅ ነው። ይሁን እንጂ ያን ቤት ሠላሳ ዓመት ያህል ያቆሙት ሁለት ሰዎች መሆናቸውን አንቺም እኔም በዓይናችን አይተናል።

እንደምታውቂው እነርሱ ከጎንደር፣ ከአምቦበር አካባቢ ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን የገቡ፣ በኡም ራኩባ ካምፕ የበኩር ልጃቸውን የቀበሩ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. መጨረሻ እስራኤል ወገኖቻችንን ከሱዳን በአውሮፕላን ባመጣችበት በዘመቻ ሙሴ የመጡ ናቸው። እኛ በግንቦት 1991 ከ14 ሺህ ከሚበልጥ ሕዝብ ጋር በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ተጭነን ስንደርስ፣ እነርሱ አገሩንም ቋንቋውንም ለምደው ነበር። ቤት አግኝተን ርሖቦት፣ ቂርያት ሞሼ ስንገባ ሽማግሌዎቻችን በሰፈሩ ምኩራቦች ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የማያውቁትን ዜማ ያዳምጡ ነበር። ቄሳችን ኦሪትን በግዕዝ አንብበው በአማርኛ የሚተረጉሙበት ቦታ አልነበራቸውም። ቦታ ቢጠየቅም «በሰፈሩ ያሉት ምኩራቦች ይበቃሉ» የሚል መልስ ተሰጠን። አባባ ተስፋ ሳይቆርጡ ከአንድ ሕንፃ ሥር ባዶውን የተቀመጠውን ሚቅላት፣ ማለት የቦምብ መጠለያ፣ አስፈቀዱ። ያ መጠለያ ሲከፈት ውስጡ ውኃ የተኛበት፣ ግድግዳው የሻገተ፣ ሽታው ለመግባት የማይመች ነበር። ባልና ሚስቱ ከሥራ መልስ ከሰል ለበስ የሆነውን ወለል በእጃቸው ፈግፍገው፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብተው፣ ከሰው ቤት የተጣለ ወንበር ጠግነው ለመጀመሪያው ሰንበት አደረሱት። አባባ ቀን ቀን በግንባታ ሥራ፣ እማማ ደግሞ በጽዳት ሥራ ይደክሙ እንደ ነበር አትርሺ።

ከዚያ ወዲህ የእማማ ሳምንት የሚቆጠረው በሰንበት ነው። ሐሙስ ማታ ሊጡን ያቦካሉ። ኮባ እዚህ ስለማይገኝ ከጎረቤት ግቢ የሙዝ ቅጠል ለምነው ያመጣሉ፤ ቅጠሉን በእሳት ላይ ለዘብ እስኪል ያሳልፉና በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው፣ ጥቁር አዝሙድ የገባበትን ሊጥ በመሐሉ አድርገው፣ ጫፍና ጫፉን እያጠፉ ትሪ ላይ ያኖሩታል። ዓርብ ከቀትር በፊት ሰፈሩን በሙሉ የሚያውደው የዚያ ዳቦ ሽታ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ጸሎት ቤቱ ይገባል፤ በማግሥቱ ቄሳችን ባርከው ይቆርሱታል፤ እኛም ተቀብለን እንቀምሳለን። በሰንበት እሳት ስለማይነካ ለሽማግሌዎቹ የሚቀርበው ሁሉ በዚያችው በዓርብ ቀን ማለቅ አለበት። ዱቄቱ የሚገዛው ከራሳቸው ኪስ እንደ ነበር ያወቅሁት ባለ ሱቁ ነግሮኝ ነው።

የአባባን ሥራ ሁሉም ስለሚያየው ማብዛት አያስፈልገኝም። ጎሕ ሳይቀድ ይከፍታሉ፣ ለማኅበር ጸሎት የሚያስፈልገው ዐሥር ሰው ያልሞላ እንደ ሆነ በየደረጃው እየወጡ በር ያንኳኳሉ፣ ለዓመታዊ በዓላችን ለሲግድ አውቶቡስ ይከራያሉ፣ የተሳፋሪውን ስም ይመዘግባሉ። ሲግድ በ2008 በክኔሴት፣ በአገሩ ፓርላማ፣ ሕግ የአገር በዓል ከመሆኑ በፊት ከአሠሪዎቻችን ፈቃድ ለማግኘት የምንይዘውን ደብዳቤ የሚያጽፉልንም እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ይልቅ በእኔ ዘንድ የሚበልጠው ግን ያ ሰማያዊ ደብተር ነው።

በደብተሩ የሙታኖቻችን ስም፣ የሞቱበትም ቀን በአበሻና በዕብራውያን አቆጣጠር ጎን ለጎን ተጽፏል። ተዝካር የሚደርስበት ሰው ሳምንት ሲቀረው ከአባባ መልእክት ይደርሰዋል። አገር ቤት ለሞቱትና እዚህ ለሞቱት ችግር የለም። በሱዳን መንገድና ካምፕ ለቀሩት ግን ቀን የለም፤ 4 ሺህ ገደማ እንደሆኑ የሚነገርላቸው እነዚያ ወገኖቻችን በየዓመቱ በዕብራውያኑ ወር በኢያር 28 በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ በጋራ ይታሰባሉ እንጂ፣ እናት ለልጇ በስሙ ተዝካር የምታወጣበት የራሱ ቀን ያላት ጥቂት ናት።

የታላቅ ወንድምሽ ቀን እንዴት እንደ ተገኘ ታስታውሻለሽ? እናትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቀኑን ባለማወቃቸው ሲያለቅሱ እማማ ሰምተው፣ ካምፑ ውስጥ አብራው የነበረችውን አክስትሽን እናትሽ ቤት ቡና ጠሩ። አንቺና እኔ ቡናውን እናቀርብ ነበር። እማማ ስለ ቀን አንድም ጥያቄ አላነሡም። ዝናቡ እንዴት እንደ ነበረ፣ ውኃ የሚቀዳው ከየት እንደ ነበረ፣ በዚያ ሌሊት ከጎናችሁ ማን ነበር እያሉ ወሬውን ቀስ እያሉ አመጡት። አክስትሽም ጨረቃ ያልነበረችበት ጨለማ እንደ ነበረ፣ ከጎናቸው ባለው ጎጆም በዚያው ሌሊት አንዲት ሴት እንደ ወለደች ተናገረች። እማማ ወላዷን ያውቋት ነበር። የተወለደችው ሴት ልጅ እንደ ነበረች፣ በዚያ መከራ ውስጥ እንኳ የእናቲቱን ሰማንያ ቀን ሴቶቹ በጠጠር ይቆጥሩላት እንደ ነበር፣ ሰማንያውም የሞላው ከካምፑ ወጥተው ወደ አውሮፕላን በተጓዙበት ሳምንት እንደ ነበር አስታወሱ። አባባ ከጓዳው በር አጠገብ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆይተው ደብተራቸውን አወጡ፤ የወጡበትን ቀን ያውቁታልና ሰማንያውን ወደ ኋላ ቆጠሩ፤ በአዲስ ዓመታችን በብርሃን ሠረቀ ዋዜማ ሰሞን፣ ጨረቃ በምትጠፋበት በኤሉል ወር መጨረሻ ላይ ደረሰ። እናትሽ እስኪያርፉ ድረስ በዚያ ቀን ዳቦ ይቆርሱለት ነበር።

ከወንድምሽ በኋላም ብዙ ስሞች በዚሁ መንገድ ቀናቸውን አግኝተዋል። እማማ ካላወጉ አባባ የሚቆጥሩት የላቸውም፤ አባባም ካልቆጠሩ የእማማ ወሬ ወሬ ሆኖ ይቀራል። የእጅ ጽሑፉ የአባባ በመሆኑ ደብተሩ የእርሳቸው ብቻ ይባላል፤ እማማ ፊደል ስላልቆጠሩ በቤታችን ታሪክ ውስጥ ስማቸው መጥፋቱን ልቤ አልቀበል አለኝ። ለቅሶ ቤት ሰባቱን ቀን ስለሚውሉት፣ አራስ ስለሚጠይቁት፣ ወታደር ልጅ ያላትን እናት ስለሚያጽናኑት ገና አልጻፍሁም።

ዋጋ የከፈሉበትም አገልግሎት ነው። ልጆቻቸው በሰንበትና በበዓል አባትና እናታቸውን ለብቻቸው ያገኙበት ቀን አልነበረም፤ ትልቋ ይህን ሳትሸሽግ ነግራኛለች፣ አልፈረድሁባትምም። እነርሱም ምሬት አላሳዩም። አንዱ ሲታመም ሌላው የሁለቱን ሥራ ይሠራል፤ አባባ ሆስፒታል በተኙበት ክረምት እማማ ከዳቧቸው ጋር ቁልፉንም ይዘው በጨለማ ሲወርዱ ያየ ሰው ሁሉ፣ ጋባይ ማን እንደ ነበር መናገር ይችላል።

ይህን ለኮሚቴው በቃል ተናግሬያለሁ። ሦስቱ ተስማምተውልኛል፤ የቀሩት «የቆየውን የሚያውቁ ሰዎች በጽሑፍ ያስረዱ፣ ከበዓላቱ በኋላ እንወስናለን» ብለዋል። እማማን ስጠይቃቸው «ስሜ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ምን ሊረባኝ ነው፤ ተዪው ልጄ» አሉኝ። በዚህ እንኳ አልታዘዛቸውም። በዚያ በር የሚገቡት የልጅ ልጆቻችን ግዕዙንም ኡም ራኩባንም አያውቁም፤ የሚያውቁት የተጻፈላቸውን ነው። አባባ ግን ነገሩን ሰምተው ብዙ ከቆዩ በኋላ ስሞቹ እንዴት ቢደረደሩ እንደሚሻል ጠየቁኝ፤ የእማማ ስም ይቅደም ይላሉ።

ስለዚህ እህቴ፣ በዚያ ከሰዓት በኋላ በእናትሽ ቤት ያየሽውንና የሰማሽውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ ላኪልኝ። አክስትሽ አሁን ብዙ ነገር አታስታውስም፤ ከእኔ ሌላ የቀረሽ ምስክር አንቺ ነሽ። በድምፅ መልእክትም ይቻላል፤ በወረቀት ቢሆን ግን ከደብተሩ ጋር አብሮ ይቀመጣል። ከብርሃን ሠረቀ በፊት ቢደርሰኝ በጊዜው አቀርበዋለሁ። ለሲግድ መምጣት ከቻልሽ ደግሞ አስቀድመሽ አስታውቂኝ፤ አባባ የአውቶቡሱን ዝርዝር ለወጣቶቹ ከማስረከባቸው በፊት ስምሽን በእጃቸው እንዲያስገቡት እፈልጋለሁ። ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ ለባለቤትሽም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

አክባሪሽና ናፋቂሽ እህትሽ፣
ከርሖቦት