ባለ ዓይኑን ማን ጠየቀው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች የሰው ስሜት አይገባቸውም» የሚለውን ዘገባችሁን ሦስቴ አነበብኩት። ምናልባት ያልገባኝ እኔ እሆናለሁ ብዬ ነው። አይደለሁም።

ማስረጃ ብላችሁ ያመጣችሁትን፣ ከዓይን አእምሮን የማንበብ ፈተና እኔም ተቀምጬበታለሁ። 36 ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ዓይንና አካባቢው እንጂ ሙሉ ፊት የለም። ከ4 ቃል አንዱን ትመርጣላችሁ። አንዱ ፎቶ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሰውዬው በሐሳብ ተውጦ ነው? ተጠራጥሮ ነው? ወይስ መብራት ዓይኑን ወግቶት? «ፎቶው ሲነሳ ምን እየሆነ ነበር?» ብዬ ፈታኟን ጠየቅኳት። «ዝም ብለሽ የመሰለሽን ምረጪ» አለችኝ። 21 አገኘሁ። ወረቀቴ ላይ «የሰውን ስሜት ለመረዳት ትቸገራለች» ተብሎ ተጻፈ።

እናንተ የዘለላችሁትን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሳይመን ባረን-ኮኸንና ባልደረቦቹ ይህን ፈተና ሲያሻሽሉ ፎቶዎቹን ያገኙት ከመጽሔት ነው። መልሱን ራሳቸው አሰቡ፤ ከ8 ዳኞች ቢያንስ 5ቱ ከተስማሙ «ትክክል» ሆነ። ባለ ዓይኑን የጠየቀው የለም። እና እኔ የተሳሳትኩት የሰውዬውን ስሜት ነው ወይስ የዳኞቹን ድምፅ? ለካ ስሜትም በድምፅ ብልጫ ያልፋል!

ኦቲዝም ካለብን መካከል ፊት ማንበብ የሚከብደን የለንም አልልም፤ አለን። ግን የራስን ስሜት ለይቶ መሰየም የሚከብዳቸው፣ አሌክሲቲሚያ ያለባቸው ሰዎች አሉ። ብዙዎቻችን አለብን፤ ሁላችንም ግን አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በዚሁ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት የሚያያዘው ከኦቲዝም ሳይሆን ከአሌክሲቲሚያ ጋር መሆኑን አሳይቷል። ኦቲዝም ያለበት ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን ደግሞ በእኛና በሌላው ሰው መካከል ያለው አለመግባባት የሁለት ወገን መሆኑን ከጻፈ ቆየ። እናንተም እኛን እያነበባችሁን አይደለም።

እህቴ ስትናደድ ፈገግ ትላለች። እንግዳ ሁሉ አብሯት ይስቃል። እኔ ቁልፏን አዳምጣለሁ። ደህና ከሆነች ጠረጴዛው ላይ ትወረውረዋለች። ድምፅ ሳታሰማ ካስቀመጠችው ነገር አለ። ለዚህ ነጥብ የሚሰጥ ፈተና እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሦስት ባለሙያ አናግራችኋል። ከእኛ አንድም ሰው የለም። ፎቶውስ! ስለ ፊት በጻፋችሁት ዘገባ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መስኮት የሚያይ ልጅ ለጠፋችሁ። እስቲ ከጀርባው ምን እንደተሰማው ንገሩን፤ 4 ምርጫ እሰጣችኋለሁ።

ኦቲዝም ያለባት አንባቢያችሁ